ሃያ አንድ ደቂቃ

«ተከፈተልሽ?» አለች የሺአረግ፣ ከፍራሹ ላይ ሆና።

«ገና ነው፣ እማዬ።»

የአሸዋ ሰዓቷ ምልክት ከስክሪኑ መሀል አልተነቃነቀችም። ዕፀገነት ላፕቶፑን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስትከፍተው ሦስት ሰዓት ከአምስት ነበር፤ አሁን ሦስት ከሃያ አራት ሆኗል። አባቷን የቀበሩት ትናንት ነው። ከመስኮቱ ውጭ፣ በእድሩ ድንኳን ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ይጎተታል፤ ሰው በዝግታ ያወራል፤ አንዱ ያስላል። አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂ ጣሪያዎች ላይ ሲያልፍ ድንኳኑም ሳሎኑም ለአፍታ ዝም አሉ። ድምፁ ሲርቅ ሁሉም ካቆመበት ቀጠለ።

አጎቷ ወልደጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሟች ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከትናንት ጀምሮ እንግዳ የሚቀበሉትም የሚሸኙትም እሳቸው ናቸው።

«ዕፁ፣ ሰው እያየሽ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ሁለት ሰው ጠየቀኝ። አንደኛው ‹ልጅቷን መሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ከለከላት እንዴ› አለኝ።»

«አባዬ ቀርፋፋ ሆነብኝ ብሎኝ ነበር። ምክንያቱን እየፈለገች ነው በሏቸው።»

«ለማን እንዲፈጥንለት ነው አሁን?»

ዕፀገነት ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ወልደጊዮርጊስ ወደ እናቷ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኑዛዜ እየፈለገች ነው የሚሉም አሉ።»

«የምን ኑዛዜ?» አለች የሺአረግ። ስታለቅስ አድራ ድምፅዋ ጎርንኗል። «የዝናብ መለኪያውን ለማን እንዳወረሰው ለማወቅ ነው?»

ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ጎረቤት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወልደጊዮርጊስ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ የአሸዋ ሰዓቷ ጠፋች። ሃያ አንድ ደቂቃ። አባቷ ማክሰኞ በስልክ የነገራት ቁጥር ራሱ ነው።

*

አቶ ፊሊጶስ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በነበረች አንዲት የአየር ጠባይ መመልከቻ ክፍል ውስጥ ነው። በየሰዓቱ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፤ ሰማዩን ስምንት ቦታ በዓይኑ ይከፍልና ደመናው ስንቱን እጅ እንደሸፈነ ይጽፋል፤ ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ የአየሩን ግፊት ይመዘግባል። ዕፀገነት ልጅ ሳለች «አባዬ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ብላ ስትጠይቀው፣ «እኔ የማየው የሆነውን ነው። የሚሆነውን የሚያዩ ሌሎች ናቸው» ይላት ነበር። ቤት ውስጥም ያው ነበር። እንቁላል ሲቀቀል ሰዓት ይይዛል። ጋሼ ሙራድ ሱቅ ድረስ ስንት እርምጃ እንደሆነ ለክቷል፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው፤ ክረምት ላይ፣ ጭቃውን ለመዝለል፣ ሁለት መቶ ይሆናል።

ጡረታ ሲወጣ ላፕቶፑን ያመጣችለት ዕፀገነት ናት። ቦሌ መንገድ ላይ ኮምፒዩተር የሚጠግንና የሚያሠለጥን ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ላፕቶፑ ከአንድ ድርጅት ጨረታ የወጣ፣ አንድ ጠርዙ የተሰነጠቀ ነበር። አባቷ የሠላሳ አንድ ዓመት የደመና ትዝታውን ሊጽፍበት ጀመረ። ስለ ሰው አልነበረም የሚጽፈው። በአንድ የሐምሌ ጠዋት ጭጋጉ ስንት ሰዓት ላይ ከአስፋልቱ እንደለቀቀ ነበር የሚጽፈው።

ከገና በፊት ባለው እሑድ፣ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ቀን፣ ላፕቶፑ ቫይረስ ገባበትና እንደገና ዊንዶውስ ልትጭንለት መጣች። አባቷ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሁሉንም ልታጠፊው ነው?»

«ጽሑፎችህን በፍሎፒ ገልብጫቸዋለሁ። ሌላው ይጠፋል።»

«ከጠፋ በኋላስ ያው ማሽን ነው?»

«ያው ነው፣ አባዬ። ልቡ ብቻ ነው የሚታጠበው።»

«ልብ ታጥቦ ያው ሰው የሚኮን ከሆነ ጥሩ ነው» አለና ሰዓቱን ከእጁ ፈታ።

ዊንዶውሱን ጫነች። ዳግመኛ ቫይረስ እንዳይገባበት አዲስ የጥበቃ ፕሮግራም ጨመረችለት፤ ፊተኛው ዊንዶውስ ላይ አልነበረም። ስትጨርስ አባቷ ሰዓቱን ይዞ አስከፈታት። ሁለት ደቂቃ ከስምንት ሴኮንድ ፈጀ። አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ደስ አለው። «እንደገና ክፈችው» አለ። እንደገና ከፈተችው። ያው ሆነ።

በገና ዕለት፣ ምሳ ላይ፣ ቀርፋፋ ሆኗል ብሎ ነገራት። «አየዋለሁ» አለችው። አላየችም።

ጥር አራት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሱቅ ደወለላት።

«ዕፁ፣ ዛሬ ሃያ አንድ ሆነ።»

«ምኑ?»

«ለመክፈት የፈጀው ደቂቃ። አንቺ ስትሄጂ ሁለት ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ግን አንዴ አሥራ ዘጠኝ፣ አንዴ ሃያ ነው።»

«አባዬ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል። የነካካኸው ነገር አለ?»

«የለም።»

«የሆነ ነገርማ ነክተሃል።»

«ምንም አልነካሁም አልኩሽ እኮ።»

ከፊቷ የቆመው ደንበኛ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ዕፀገነት ቸኩላለች፤ ደግሞም ይህን ንግግር በቀን አምስት ጊዜ ትሰማዋለች።

«እኔ ሳስረክብህ ደህና ነበር። ማሽን ደግሞ በራሱ አይበላሽም። የነካ ሰው ሁሉ አልነካሁም ነው የሚለው።»

በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ የራዲዮ ድምፅ ይሰማል።

«እሺ» አለ አባቷ። «ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ውኃ ጠየቀ። የሺአረግ ብርጭቆውን ይዛ ስትወጣ ራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ አገኘችው። ሐኪሙ ልብ ነው አለ።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳው ሳሳ ሲል፣ ዕፀገነት ላፕቶፑን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች። መመለስ የምትፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማን ነው ያበላሸው? አባቷ አልነካሁም ያለው እውነት ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ለአባቷ የተናገረችው የመጨረሻ ቃልም ዋሽተሃል የሚል ነው። ነክቶ ከሆነ ደግሞ ያላየውን ደመና አይቻለሁ ብሎ የማያውቅ ሰው የመጨረሻ ቃሉ ውሸት ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንዲሆን እንደምትመኝ ለራሷም አልገባትም።

ሱቅ ውስጥ ሠልጣኞቿን ስታስተምር በመጀመሪያው ቀን የምትነግራቸው ነገር አለ። ማሽን ስትጠግኑ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የቱ እንዳዳነው አታውቁም። ያን ዕለት ራሷ አልሰማችውም። ለሜሞሪ የተመደበውን ቦታ ጨመረች። ሲከፈት አብረው የሚነሡ ሁለት ፕሮግራሞችን አስቀረች። የስክሪኑን ቀለም ቀነሰች። ጣቶቿ ከሐሳቧ ይቀድሙ ነበር፤ በመሀል ከሳሎን «ዕፁ፣ እነ እንትና መጡ» ይሏታል፤ ወጥታ ታለቅሳለች፤ ተመልሳ የቱ ላይ እንደነበረች ትፈልጋለች።

በዚህ መሀል ነው የማሽኑን ቀን ያየችው። 5/6/91 ይላል።

በሥራዋ ላይ ኮምፒዩተር ውስጥ የምታየው ቀን የፈረንጅ ብቻ ነው፤ ዓይኗም ያነበበው እንደዚያ ነው። ሜይ ስድስት፣ በእነሱ ዘጠና አንድ። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፤ ይህ ላፕቶፕ እንኳ ገና ያልተሠራበት ጊዜ ነው። የውስጡ ትንሽ ባትሪ ደክማ ይሆናል አለች። ነገር ግን ባትሪዋ የደከመች ማሽን የምትመለሰው ወደ 1980 ነው። ለምን ዘጠና አንድ ላይ ቆመች? ለማሰብ ሞከረች፤ ከሳሎን ጠሯት። ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 14፣ 1999 አስተካክላ ማሽኑን ዘጋችና ወጣች።

ስትመለስ ከፈተችው። የግድግዳውን ሰዓት አይታ ሳትጨርስ ተከፈተ። ሁለት ደቂቃ።

ማልቀስ ነበር የቃጣት፤ ግን ምኑን እንደምታለቅስ ጠፋት። ድኗል። ያዳነው ከአራቱ የቱ እንደሆነ አታውቅም። ከአራቱ ሦስቱ ያን እሑድ ራሷ ያስተካከለቻቸው ነገሮች ናቸው፤ አራተኛው ባትሪ ነው።

«ሆነልሽ?» አለች እናቷ በበሩ አንገቷን አስግጋ።

«ሆነ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው?»

«እንዴት እንደሆነ አላውቅም።»

የሺአረግ ላፕቶፑን አየች። «እሱ እንዲህ ብትዪው አይወድም ነበር» አለችና ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።

*

ዓርብ ሳልስቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ንፍሮው ዞሮ፣ ሰው ወደየቤቱ መበተን ሲጀምር፣ አመሻሹ ላይ፣ ጋሼ ሙራድ መጡ። የሱቁ ባለቤት ናቸው፤ ያ ሁለት መቶ አሥራ አራት እርምጃ የሚያበቃው እሳቸው ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ነው። ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ያቀረቡላቸውን ውኃ አመስግነው ለጎናቸው ሰው አሳለፉት።

«ሀቢባስ?» አለች የሺአረግ።

«ትመጣለች። ማፍጠሪያ እያዘጋጀች ነው። ጠዋት ‹ጋሽ ፊሊጶስ ሾርባውን ሳይቀምስ ጾሙ እንዴት ይፈታል› ስትል ነበር። እሱ ሳይጾም ከእኛ ጋር ማፍጠር ልማዱ ነበር እኮ።»

«ሦስት ጊዜ እራት የሚበላው ለዚህ ነበር» አለች የሺአረግ፤ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ፊቷ ላይ አልቆየም።

ጋሼ ሙራድ ከኮታቸው ውስጥ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር አወጡ።

«ዕፁ፣ ይህ ያንቺ ነው። ማክሰኞ ዕለት እኔ ዘንድ ትቶት ሄደ። ቀብሩ ላይ ልሰጥሽ ይዤው መጥቼ ነበር፤ ሰው በዛና መልሼ ይዤው ሄድኩ።»

ደብተሩ እንደ መመልከቻ ክፍሉ መዝገብ በእስክሪብቶ የተሠመረ ነው። ቀን። ሰዓት። ደመና ከስምንት። ለመክፈት የፈጀው ደቂቃ። የተነካ ነገር። የመጀመሪያው መስመር የታኅሣሥ ሃያ አምስት ነው፤ ሁለት ደቂቃ ከስምንት ሴኮንድ ይላል፤ የመጨረሻው ሣጥን ውስጥ «ዕፁ ሁሉንም አዲስ አድርጋዋለች» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በታች በየቀኑ አንድ መስመር አለ። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። አሥራ ዘጠኝ። በመጨረሻው ሣጥን ውስጥ በእያንዳንዱ መስመር ላይ፣ በዚያች ትንሽ ቀጥ ባለች ጽሕፈቱ፣ «የለም» ይላል። የለም። የለም። የገና ዕለትም የለም። ጥር አራት፣ ደመና ሦስት፣ ሃያ አንድ ደቂቃ፣ የለም።

ዕፀገነት ገጹን በጣቷ ወደ ታች ተከተለችው።

«መቼ ነው የመጣው?»

«አሥር ሰዓት ላይ።»

«ስልክ ካወራን በኋላ ነው። ምን አለ?»

ጋሼ ሙራድ ሰው ለማጽናናት የመጣ ሌላ ሰው ቢሆን የሚለውን ያውቃሉ።

«አልዋሽሽም፤ ከፍቶት ነበር። ‹ልጄ አላመነችኝም› አለ። ሻዩን ጠጣ። ከዚያ ደግሞ ደብተሩን አወጣና፣ ‹ሙራድ፣ ለመሆኑ ነክቼ ይሆን እንዴ?› አለኝ። እያንዳንዱን መስመር አነበበልኝ። ‹አንተ እየው፤ ምንም ስለማታውቅ ይታይህ ይሆናል› ብሎ ትቶልኝ ሄደ።»

«ታየዎት?»

«እኔን? እኔ የታየኝ ደመናው ነው። ከገና በፊት ጀምሮ ጥሩ ሰማይ ነበረን።»

ዕፀገነት ደብተሩን ዘጋች፤ መልሳ ከፈተችው።

«አሁን ፈጥኗል» አለች። «ግን ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ብዙ ነገር ቀየርኩ። ባትሪዋም ሳትሞት አትቀርም፤ ቀኑ ጠፍቶባት ዘጠና አንድ ይል ነበር።»

ጋሼ ሙራድ አዩዋት።

«ታዲያ ስንት እንዲል ፈልገሽ ነው?»

«እንዴት?»

«ዘጠና አንድ አይደለም እንዴ?»

ዕፀገነት ቀና አለች። በእናቷ ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ የቀን መቁጠሪያው ተሰቅሏል፤ ጥር 1991። አምስተኛው ወር። ሐሙስ ስድስተኛው ቀን ነበር።

«እሱ አድርጎት ነው?»

«ድሮም እሱ ነው የሚያደርገው። አታውቂም ነበር?» ጋሼ ሙራድ ወደ የሺአረግ ዞሩ፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። «‹ሠላሳ አንድ ዓመት በግሪንዊች ሰዓት ነው የኖርኩት› ይለኝ ነበር። ‹እኔ ቁርስ ስበላ ደብተሬ ላይ ገና አልነጋም። ከእንግዲህ እኔም ማሽኔም የምንውለው አገሬ ባለችበት ሰዓት ነው።› ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ሲሆን በጠዋት መጥቶ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ‹ምነው፣ ዛሬ ሥራ የለም?› ስለው፣ ‹ማሽኑ ሁለተኛውን ወር በሃያ ስምንት ነው የሚጨርሰው፤ ሁለት ቀን ዕረፍት ሰጥቼዋለሁ› ይለኛል። ጳጉሜንማ እንዳለ ዘግቶት ነው የሚከርመው።»

«እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉ ተበላሽቶበት ይመስለኝ ነበር» አለች የሺአረግ።

ዕፀገነት እየሰማቻቸው አልነበረም። የጥበቃው ፕሮግራም ነው። አዲሱን የጫነችው እሷ ናት። ያ ፕሮግራም በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የተጻፈውን ቀን ያያል፤ ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት ፋይል ካገኘ ይጠረጥረዋል፤ ይመረምረዋል። ያን እሑድ ዊንዶውሱን ስትጭን በሺህ የሚቆጠሩት ፋይሎች ሁሉ የፈረንጅ ቀን ነበራቸው፤ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ። እሷ ስትሄድ አባቷ ቀኑን ወደ ዘጠና አንድ መለሰ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይበረብራል። በፊት፣ ፕሮግራሙ ሳይኖር፣ ቀኑ ማንንም አይጎዳም ነበር።

ይህን ለጋሼ ሙራድ በቀስታ አስረዳቻቸው። ፊታቸውን አጨማድደው ሰሙ።

«ማለት፣ ዘበኛ ቀጠርሽለት።»

«አዎ።»

«ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ‹መቼ ነው የተወለድከው› ይላል፤ ሁሉም ‹ከስምንት ዓመት በኋላ› ይሉታል።»

«ልክ እንደዚያ ነው።»

«እኔም ብሆን እፈትሻቸዋለሁ» አሉ ጋሼ ሙራድ።

ዕፀገነት ልትስቅ ነበር፤ አልቻለችም።

«ነክቷል ማለት ነው» አለች። «አልነካሁም ብሎኝ ነበር። ቀኑን ነክቷል።»

ጋሼ ሙራድ የእጃቸውን ሰዓት ከክንዳቸው ፈቱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ አሮጌ ሰዓት ነው፤ የሚሞላ።

«ይህ ሰዓት በቀን አራት ደቂቃ ይዘገያል። በየጠዋቱ አስተካክለዋለሁ። ሀቢባ ‹ሰዓትህን ለምን ነካኸው?› ብላኝ አታውቅም። የተሳሳተ ሰዓት ይስተካከላል እንጂ ይነካል እንዴ? እሱ ማሽኑ ተሳስቶ አገኘው፤ አቀናው። ይኸው ነው።»

«ግን ያንን ባይቀይር ኖሮ...»

«አንቺም ዘበኛውን ባትቀጥሪው ኖሮ።»

ይህን ያሉት ሳይከፉ ነው። ሰዓታቸውን መልሰው አሰሩ። የማፍጠሪያው ሰዓት እየቀረበ ስለነበር ተነሡ፤ በሩ ላይ ደርሰው ዘወር አሉ።

«ዕፁ፣ ያ ደብተር ላይ ስምሽ ያለው መጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ነው። አንቺን ‹የነካችው እሷ ናት› ብሎ አልጻፈም። አይተሻል?»

*

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አፈረሱት። ብረቱ በብረት ላይ ሲወድቅ፣ ሸራው ሲታጠፍ፣ ወልደጊዮርጊስ ግቢው ውስጥ ቆመው «ቀስ በሉ፣ አበባውን» ይላሉ። አበባ የሚሉት በዝናብ መለኪያው ዙሪያ የበቀለውን ሣር ነው።

ዕፀገነት ላፕቶፑን በረንዳው ላይ ባለው ጠረጴዛ አስቀምጣ፣ ገመዱን በመስኮት አሳልፋ ሰካችው። የሺአረግ ከአቶ ፊሊጶስ ወንበር አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ላይ ሁለቱም አልተቀመጡም።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ላበላሸው ነው።»

«ካስተካከልሽው በኋላ?»

«ምክንያቱ እሱ መሆኑን እርግጠኛ የምሆነው ያንኑ ብቻ ስመልሰው እንደገና ከዘገየ ነው። በሥራችን እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«እሺ» አለች እናቷ፤ አሠራሩ አዲስ አልሆነባትም።

ሐሙስ የነካካቻቸውን ሦስት ነገሮች እንዳሉ ተወቻቸው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትቀይረው። ቀኑን ከፈተች። ወር፣ አምስት። ቀን፣ ስምንት። ዓመቱን ስትጽፍ ጣቷ ከልማዱ የተነሣ መጀመሪያ ወደ 1999 ሄደ፤ አጠፋችው፤ 1991 ብላ ጻፈች። ሰዓቱን ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር አመሳከረች። ሦስት ሰዓት። ማሽኑ ከሥር «ረቡዕ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አወጣ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህንንም አባቷ በየቀኑ እያየ እንዳላየ ሲያልፈው እንደኖረ አሁን ገባት። ዘግታ ከፈተችው።

የአሸዋ ሰዓቷ መጣች፤ ቆመች።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ሃርድ ዲስኩ ከውስጥ ይንቋቋል፤ አንድ ነገር እየፈተገ ያለ ይመስላል። ዘበኛው ሥራውን ጀምሯል። አሥር ደቂቃ ሆነ። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት በትከሻቸው ይዘው ወጡ። ከወልደጊዮርጊስ በቀር ግቢው ባዶ ሆነ፤ ሣሩ ላይ የአግዳሚዎቹ እግር የበሳው ጉድጓድ ብቻ ቀረ።

«እሱ ይህን ሁሉ ጊዜ እያየው ይቀመጥ ነበር?» አለች ዕፀገነት።

«የለም። ይከፍተውና እዚህ ይወጣል። ሰማዩን ያያል። ይነግረኛል። ከዚያ ዝም እንላለን፤ ከዚያ ‹አሁን ተከፍቷል› ይልና ይገባል።»

«ደስ ይልሽ ነበር?»

የሺአረግ አሰበች። «በፊት ዘሎ ነበር የሚገባው። በመጨረሻው አንድ ሳምንት ገደማ ነው እንዲህ የቆየነው። እንዲጠገን ግን ይፈልግ ነበር፤ እኔ ልዋሽሽ አልችልም።»

ሁለቱም ቀና አሉ። ከላምበረት በኩል፣ ከኮረብታው በላይ፣ የሳሳ ነጭ ደመና ተዘርግቷል፤ ሌላው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። አውሮፕላን መጣ፤ አለፈ። ዕፀገነት ሰማዩን በዓይኗ ስምንት ቦታ ለመክፈል ሞከረች። የት ላይ እንደሚጀመር አላወቀችም።

«እማዬ፣ ስንት ነው?»

እናቷ ዓይኗን በመዳፏ ከፀሐይ ከለለች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«ሁለት» አለች። «ሁለት ይል ነበር እንዲህ ሲሆን።»

ላፕቶፑ ትንሽ የደወል ድምፅ አሰማ። ዕፀገነት በመስኮቱ በኩል የግድግዳውን ሰዓት አየች። ደብተሩን ከፍታ፣ ከጥር አራት መስመር ሥር፣ አባቷ ያሠመረው መስመር እንዳይጎብጥ እየተጠነቀቀች ጻፈች። ጥር ስምንት። ሦስት ሰዓት። ደመና፣ ሁለት። ለመክፈት የፈጀው፣ ሃያ አንድ ደቂቃ።

አምስተኛው፣ «የተነካ ነገር» የሚለው ሣጥን ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። ወልደጊዮርጊስ ከግቢው «ተከፈተ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ዕፀገነት ከላይ ያሉትን ሣጥኖች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ቀጥ ባለች ትንሽ ጽሕፈት፣ «የለም» ብላ ጻፈች።